ጳጉሜን አምስት የተወለዱ

ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2006

ሽፈራው ዛሬ ከረባት አስሮ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ከረባት ካሰረ ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ የማይችለውን ቃል ገብቶ መጥቷል። ማንም አልሞተበትም።

ጨረታውን አሸንፈናል። በቦሌ አራብሳ በኩል ለኮንዶሚኒየም መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎችን የሚመዘግብ ሲስተም እንሠራለን። «እንሠራለን» ማለት እኔ እሠራለሁ ማለት ነው። ሽፈራው ከቢሯችን በታች ካለው ካፌ ማኪያቶ እያዘዘ ስለ «ሶሉሽን» ያወራል፤ በዙሪያው የተቀመጡት የቦሌ ደላሎች ስለ ፎቅ ያወራሉ፤ ከሩቅ ለሚያየው ማን ምን እንደሚሸጥ አይለይም። ጳጉሜን ሳያልቅ ማስረከብ አለብን።

ነገሩ ቀላል ነው ይላሉ። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2005 ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የገበሬ ልጅ ለብቻው የቤት መሥሪያ ቦታ ያገኛል። ያልሞላው ከወላጆቹ ጋር ይጠቃለላል። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ሞልቶታል ወይስ አልሞላውም? የትውልድ ቀን፣ አንድ መቀነስ፣ አለቀ። ሽፈራው «የሁለት ሰዓት ሥራ» ብሎታል። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ አያውቅም፤ የሌላውን ሰው ሰዓት ሲቆጥር ግን የሚያህለው የለም።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ከውጭ በነጻ የሚወርደውን የቀን መቁጠሪያ ሞከርኩት። አሥራ ሦስተኛ ወር ብጽፍለት «እንዲህ ያለ ወር የለም» አለኝ። ሰማንያ ምናምን ሚሊዮን ሰው በየዓመቱ የሚኖርበትን ወር የለም ይላል። ጣልኩትና የራሴን ጻፍኩ፤ የኛን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደኛ የሚመልስ። ስፈትነው ሆን ብዬ የምሰጠው ጳጉሜን አምስትን ነው። ጳጉሜን አምስትን ያለፈ ፕሮግራም የትኛውንም ቀን ያልፋል። በየቦታው ጳጉሜን አምስትን ሰገሰግኩበት፤ ሁሉንም አለፈ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳሳየው ሽፈራው «ቁልፉ ለምን አረንጓዴ አልሆነም?» አለኝ።

ከአያት መገናኛ በታክሲ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ለባቡሩ ብለው መንገዱን አራቁተውታል። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፣ «ዕጣው ወጣልሽ?» «አልወጣልኝም። በእህቴ ስም የተመዘገብኩት ግን ተስፋ አለው።» «እህትሽ መቼ ተመዘገበች?» «እሷማ የለችም፣ ቤሩት ናት።» ማንም አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ችኮላ። ከአራብሳ የምዝገባ ጣቢያ ተደወለ። ፊራኦል የሚባል፣ ሽፈራው በኮንትራት የቀጠረው መረጃ ጸሐፊ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ያናድዳል። «ኢንጂነር፣ ዓመቱን እንጂ ወሩንና ቀኑን የማያውቁ ሰዎች አሉ። ምን ልጻፍ?» ባዶ ተወው አልኩት። «ባዶ አይቀበልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰልፉ ዝናብ ላይ ቆሟል ይለኛል ደግሞ፣ ዝናቡን እኔ ያዘነብኩት ይመስል። ባዶም ቢሆን ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርጌ ላክሁለት። ለጊዜው። ሰኞ በደንብ አየዋለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

አላየሁትም። ሽፈራው የድርጅቱ አርማ እንዲሽከረከር ፈልጓል። አርማ ሳሽከረክር ዋልኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ለወሬ ያህል እናቴን፣ «እማዬ፣ እኔ መቼ ነው የተወለድኩት?» አልኳት።

«ክረምት ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር። አባትሽ በየጥጉ ሳህን ሲደረድር ትዝ ይለኛል።»

«ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ክርስትናሽ ለመስቀል ሰሞን ነው። ከዚያ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ነዪ። ሐምሌ ገደማ።»

ሐምሌ ገደማ የሚባል ቀን የለም አልኳት። መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው መስከረም አንድ ነው። እሱንም የትምህርት ቤት መዝጋቢው ነው የሰጠኝ፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር «ቀላል ቀን ይሁንላት» ብሎ። እናቴ ወይዘሮ ፈለቀች ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት የሰው ፋይል ስታስገባ ስታወጣ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የራሷን ልጅ ቀን ግን በሚያፈስ ጣሪያ ታስታውሳለች። ከአያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩባት። እሷ ሽሮውን አማሰለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

አራብሳ ሄጄ ዋልኩ። «ተጠቃሚውን እዪ» ተባልኩ። ተጠቃሚው ጭቃ ላይ ቆሟል።

ጣቢያው አንድ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲመታው መነጋገር አይቻልም። ፊራኦልን በአካል አየሁት። በዚያ ጭቃ መሀል ሸሚዙ ተተኩሷል። ለማን ነው የሚተኩሰው? ላፕቶፑ ሥር ፌስታል አንጥፏል፣ ለሚመጣው ሁሉ ይነሣል፣ ወንበር ያቀርባል። አንዱን ቤተሰብ ለመመዝገብ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል ብዬ ነበር ለሽፈራው ያልኩት፤ ያን ያህል እንኳ አይፈጅበትም።

እማማ ደሪቱ የሚባሉ እናት ከልጃቸው ከገላኔ ጋር ተራቸው ደረሰ። የመሬቱ ባለቤት አባቷ በዳሳ አምና ሞተዋል። ለወላጆቿ የሚሰጠው ቦታ ላይ ታላቅ ወንድሟ ቶሌራ ከነሚስቱ ይገባል። ለገላኔ የራሷ ካልተሰጣት የወንድሟ ሚስት ቤት ጥግ ይዛ መኖር ነው። ይህን ማንም ሳይጠይቃት፣ ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረችን። ከጧት ሰልፍ ላይ ሆና ስታጠናው የዋለች ይመስለኛል።

«ልጅትዎ መቼ ተወለደች?» አልኳቸው።

«ሉቃስ ናት» አሉኝ።

ይህ ለሳቸው መልስ ነው። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይዞራሉ፤ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ሰባ ዘጠኝም ሉቃስ ነው፣ ሰማንያ ሦስትም፣ ሰማንያ ሰባትም። በኔ ዳታቤዝ ውስጥ ለወንጌላዊ የሚሆን ሳጥን የለም።

ፊራኦል ጎንበስ ብሎ «አዴ ደሪቱ፣ የትኛው ሉቃስ?» አላቸው።

«ቶሌራ ደርግ ሲወድቅ ጡት ይጠባ ነበር፤ እሱ ሉቃስ ነው። እሷ የሚቀጥለው ሉቃስ።»

1987 ማለት ነው። ወሩንስ?

«ጤፉ ታጭዶ ነበር መሰለኝ። አልታጨደም ነበር ይሆናል። ክርስትናዋ ግን ለአስተርዮ ማርያም ነው፤ እሱን አልረሳም። የክርስትና እናቷ ዘግይታ ቄሱ ተቆጥተው እኔ አለቀስኩ።»

ፊራኦል ዓመቱን ጻፈ፣ ወሩንና ቀኑን ባዶ ተወ፣ የቀረውን በሙሉ ማስታወሻ የሚለው ሳጥን ውስጥ ከተተው። ጤፉን፣ አስተርዮን፣ የቄሱን ቁጣ ሳይቀር። «ይህ ሳጥን ለአስተያየት ነው እንጂ ለልብ ወለድ አይደለም። ሲስተሙ አያነበውም» አልኩት።

«ሲስተሙ ባያነበው ሰው ያነበዋል» አለኝ። እንዲህ በትሕትና የሚናገር ሰው ያበሽቀኛል።

ገላኔ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። መታወቂያዋን አየሁት፤ ልደቷ 1985 ይላል። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ደግሞ 1990። «የቱ ነው ትክክሉ?» ብላት፣ «ይኼ ሥራ ያስገባኝ፣ ያኛው ትምህርት ቤት ያስገባኝ ነው። ትክክሉን እናቴ ነገረችሽ» አለችኝ። አንዲት ልጅ ሦስት ዕድሜ ይዛ ትዞርና ጥፋተኛው ኮምፒውተሩ ይሆናል።

ስመለስ ፊራኦል እስከ ታክሲው ጃንጥላ ይዞ ሸኘኝ። ሸኘኝ አላልኩትም። ግራ ትከሻው እስከ ክርኑ ረጥቦ ነበር። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ጉድ ነው። የመጀመሪያውን ሪፖርት ሥራውን ለሰጠን ጽሕፈት ቤት አቀረብን። የተነሺዎቹን ጉዳይ የያዙት ወይዘሮ ገንዘቤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ ገለጡ። ከዚያ «እስቲ ንገሩኝ፤ በጳጉሜን አምስት ምን ተደርጎ ነው?» አሉ።

አራት መቶ ምናምን ልጆች ጳጉሜን አምስት ተወልደዋል። ዓመታቸው ይለያያል፣ ቀናቸው አንድ ነው። አራብሳ ዙሪያ ያለች ሴት ሁሉ ዓመት እየጠበቀች በአንድ ቀን ስትወልድ ኖራለች። ስብሰባው ሳቀ። ሽፈራው ወደኔ ዞረ።

አፍታም አልፈጀብኝ። «መረጃ ጸሐፊው ነው። ሰነፍ ነው፤ ቀን ከመጠየቅ አንድ ቀን መርጦ ሁሉንም ሞልቶታል» አልኩ። ሸሚዝ ለመተኮስ ጊዜ ያለው ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሽፈራው ነገ አሰናብተዋለሁ አለ። ወይዘሮ ገንዘቤ «ምስኪን» አሉ፤ ማንን እንደሆነ አልገባኝም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ፊራኦል ደወለ። «ኢንጂነር፣ እኔ ጳጉሜን የሚል ቃል አንድም ቀን አልጻፍኩም። ባዶ ነው የተውኩት። ተወው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» የተያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። ስልኩን ዘጋሁበት። ሌላ ቡና አዘዝኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። እናቴ ዶሮ ሠርታ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

አገኘሁት። አንድ መስመር ናት። ቀኑ ባዶ ከሆነ ጳጉሜን አምስትን ውሰድ ትላለች። ከሙከራ የተረፈች መስመር ናት። ማን እንደጻፋት መጻፍ አያስፈልግም፤ በዚህ ድርጅት ውስጥ ኮድ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ግን እስቲ እናስብ። አንድ ሠራተኛ አሥር ሰው የሚሠራውን ሲሠራ፣ አርማ አሽከርክሪ ሲባል፣ ማንኛውም ሲስተም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይተርፋል። ከአራት መቶው አብዛኞቹን አይነካቸውም፤ በጣም ትልልቆች ወይም ገና ሕፃናት ናቸው። የሚነካቸው በ1987 የተወለዱት ብቻ ናቸው። ጳጉሜን የዓመቱ ጅራት ናት። በ1987 በየትኛውም ወር የተወለደ ልጅ በጅራቱ እንደተወለደ ሲቆጠር፣ ሰኔ 30 ቀን 2005 ላይ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ምናምን ልጆች ናቸው። ገላኔ አለችበት። ስሟን ፈልጌ አየሁ፤ «አልሞላትም» ይላል።

መስመሯን ላጠፋት ነበር። ባጠፋት ግን አራት መቶ ሰው በአንድ ምሽት ልደቱን ያጣል፤ ለምን ይባላል፤ ምክንያት መጻፍ ይመጣል። ሰኞ ለሽፈራው እነግረዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ልነግረው ከወንበሬ ተነሣሁ። ስልክ ላይ ነበር። ተቀመጥኩ።

ፊራኦል ተሰናብቷል። ላፕቶፑን ለጥበቃው አስረክቦ ሄዷል፤ ከሥሩ ያነጥፋት የነበረችውን ፌስታል አጣጥፎ ከላይ አስቀምጧታል። ምን ለማለት ነው?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

መፍትሔ አገኘሁ። ማንንም ሳይከስስ ሁሉን የሚያስተካክል መፍትሔ። አሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ሠራሁት፤ ሽፈራው «ምን እያደረግሽ ነው?» ሲለኝ ፍጥነት እየጨመርኩ ነው አልኩት።

ጥፋቱ ከመጀመሪያው ነው። ለማያውቅ ሰው አንድ ቀን አምጣ ማለት ዋሽ ማለት ነው። 1987 ቀን አይደለም፤ ከመስከረም አንድ እስከ ጳጉሜን ስድስት የተዘረጋ ነገር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልደት ሁለት ጫፍ ሰጠሁት። ከዚህ አይቀድምም፣ ከዚህ አያልፍም። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ናቸው። ወንጌላዊውን ብቻ የሚያውቅ፣ ተለያይተው የቆሙ ብዙ ዓመታት አሉት፤ የወንድሙን ልደት ሲነግረን አንዱ ይቀራል። የክርስትናውን በዓል የሚያውቅ፣ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠርና ግራና ቀኙ ትንሽ ይሰፋል፤ ሰማንያው ሳይሞላ የሚያስነሣም፣ ቀን የሚያሳልፍም አለና። «መሰለኝ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእማማ ደሪቱ ጤፍ «መሰለኝ» ነው፤ አስተርዮ ግን «አልረሳም» ነው። አንዱ በቀኑ ስፋት፣ አንዱ በተናጋሪው እምነት ይለካል፤ ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ጥያቄው ሦስት መልስ ይኖረዋል። ሁለቱም ጫፎች ከሰኔ 30 ቀን 1987 በፊት ከሆኑ ሞልቶታል። ሁለቱም ከኋላ ከሆኑ አልሞላውም። ሰኔ 30 ከመሀል ከገባ አይታወቅም። ገላኔን ሰጠሁት። ጥር 21 ክርስትና የተነሣች ሴት፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ። ሞልቷታል፣ ያውም በሰፊው።

ይህን ሁሉ ያወጣሁት ማስታወሻ ከሚለው ሳጥን ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ሁሉም ነገር ነበረ። ሳይሰንፍ ጠይቋቸዋል፣ ሁሉንም።

ለሽፈራው አሳየሁት። «ኮምፒውተር አዎ ወይም አይ ነው። ‹አይታወቅም› ለማለት እኛ ለምን እናስፈልጋለን? ገበሬው በነጻ ይለዋል» አለኝ። በራሱ ቀልድ ረዥም ሳቅ ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሽፈራው ሳያውቅ ወደ ወይዘሮ ገንዘቤ ሄድኩ።

«ገደማ የሚባል ሕግ የለም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «የኔም ፋይል መስከረም አንድ ይላል። የዚህ አገር ሰው ግማሹ የተወለደው መስከረም አንድ ነው፤ ማንም አልሞተበትም።»

«እነዚህኞቹ ግን ቦታ ሊያጡበት ነው፣ እትዬ።»

«እሺ፤ ሲስተምሽ አይታወቅም አለ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰው ተቀምጦ ያየዋል። የክርስትና እናት ይጠራል፣ ይሰማል፣ ይወስናል።»

«ያ ሰው ማን ነው?»

ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማኅተም አየሁ።

«እኔ ነኝ። እኔ ፈርሜ ስሰጥ ነገ ለዘመዷ ሰጠች ይባላል። ማሽኑ አልሞላም ሲል ግን ማሽን ነው፤ ማንም ማሽን አይከስስም። ይህን ሁሉ ብር ያወጣነው ለምን ይመስልሻል?»

አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ በግልጽ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ ሁለት ጸሐፊዎች «የጳጉሜኗ ልጅ ናት» ሲባባሉ ሰማሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዝርዝሩ ቆርቆሮ ቤቱ ላይ ተለጠፈ። የተለጠፈው የድሮው ነው። ሽፈራው ፎቶ ተነሥቶ ፌስቡክ ላይ አወጣው፤ እጁን በደረቱ አጣምሮ፣ ከኋላው ጃንጥላ የያዘ ሕዝብ። ሁለት መቶ ሰው ወዶለታል።

ዛሬም ልነግረው ነበር። ስልክ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ሥራው ስላላለቀ እሑድም ቢሮ ነኝ። ጥበቃው ደውሎ «አንዲት ልጅ ትፈልግሻለች» አለኝ። ገላኔ ናት፤ የፋብሪካው ዕረፍት ዛሬ ብቻ ነው። ወደ ላይ አላሳለፋትም፤ ካፌው በር ላይ ዝናብ ተጠልላ ቆማለች። ደላሎቹ ያዩዋታል። አስገባኋት። ፍልሰታ ስለሆነ ሻይ ብቻ አዘዝን፤ ቅዳሴው ገና አልወጣም ብላ እሱንም አልነካችውም።

«ስሜ ካልሞላቸው ጋር ነው» አለችኝ። «ዓመቱ ልክ ነው። ቀኑ ጳጉሜን ይላል። እናቴ ጳጉሜን አልወለደችም። ጳጉሜን እሷ ጠበል ነው የምትሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«ፊራኦልን አባረሩት። ሲጽፍ አጠገቡ ነበርን፤ አንቺም ነበርሽ። ጳጉሜን አላለም።»

«እሱ አይደለም። ሲስተሙ ነው» አልኳት።

«ሲስተሙ ማን ነው?»

አሽሙር አልነበረም። የሚሄዱበት ሰው ስም ነው የጠየቀችኝ፤ ቢሮው የት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ባለጉዳይ እንደሚያስገባ። የቅሬታ ማመልከቻ እንደሚቻል፣ እስከ ጳጉሜን ጊዜ እንዳላት ነገርኳት። «የወንድሜ ሚስት የማድርበትን ጥግ ከአሁኑ ለክታዋለች» አለችኝ። ሳታለቅስ፣ ሳትቆጣ። ሻይዋ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ሄደች። ወደ ላይ ወጥቼ ስለ ሽፈራው ከረባት አንድ አንቀጽ ልጽፍ ጀመርኩ፤ አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ወይዘሮ ገንዘቤ ራሳቸው ጠሩን። ሠላሳ ምናምኑ ቤተሰብ በየጧቱ በራቸው ላይ ይቆማል፤ ከበላይ «ምንድነው ይኼ?» ተብለዋል። አሁን ሦስተኛው መልስ አስፈለጋቸው። ባለፈው ወር የሌለው ሕግ በዚህ ወር ተገኘ።

«ሰዎቹን እሰማለሁ፣ እፈርማለሁ» አሉ። «ነገር ግን የተለጠፈ ዝርዝር እንዲሁ አይነሣም። ለምን እንደተሳሳተ ከእናንተ በጽሑፍ እፈልጋለሁ።»

ሽፈራው ከአፋቸው ነጥቆ «በመረጃ ጸሐፊው ስህተት» አለ። «ርምጃም ወስደናል። ባለሙያዋ ትፈርማለች።»

ሲስተሙ ስህተት አለበት ከተባለ ርክክቡ ይቆማል፣ ርክክቡ ከቆመ ሰዎቹ አይሰሙም፣ ገላኔ ጥጓን ይዛ ትቀራለች። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። እውነት ነው፤ አሁንም ቢሆን እውነት ይመስለኛል። ደብዳቤው እዚያው ተተየበ። ወይዘሮ ገንዘቤ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው አዩኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ክረምቱን ሙሉ በሁለት ጫፍ መሀል የሚቆም መልስ ስሠራ የከረምኩት እኔ ነኝ።

«አዎ» አልኩ። ፈረምኩ። ዕፀገነት ብዬ፣ ከነአባቴ ስም፣ በሚነበብ ጽሕፈት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ተሰሙ። ላፕቶፑ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅበትም፤ ጎንበስ ማለትም አላውቅበትም። ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ሲናገሩ በሩ ላይ የቆመ ሰው ይተረጉምልን ነበር። ፊራኦል ነው። ማንም አልከፈለውም፤ ሰፈሩ ስለሆነ መጥቷል። ሸሚዙ ተተኩሷል።

የገላኔ የክርስትና እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። «አስተርዮ ነው። ዘግይቼ ነበር፤ ቄሱ ተቆጡ፤ ደሪቱ አለቀሰች» አሉ። እማማ ደሪቱ «ኤዬ፣ አዎ» አሉ፤ አሁንም ሊያለቅሱ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ። ሞልቷታል። ወይዘሮ ገንዘቤ ፈረሙ። ገላኔ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ስሟን ሦስት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ እጄን ሳመችኝ። እጄን ለመሳብ ፈልጌ ዘገየሁ።

ስወጣ ፊራኦል ከዝርዝሩ ጎን የተለጠፈውን የኔን ደብዳቤ እያነበበ ነበር። ከላይ እስከ ፊርማው። ዝናቡ መጣ። ጃንጥላው በእጁ ነበር። እኔ ወደ ታክሲው ብቻዬን ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

አስረከብን። ሽፈራው ኬክ አስመጣ፤ ላዩ ላይ አርማው አለ፣ እግዜር ይመስገንና አይሽከረከርም። ለመጪው ዓመት ሌላ ጨረታ እንዳለ ተናገረ፤ ልደት ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚገባበት። «ልምድ አለን» አለ። አጨበጨብኩ።

ታክሲው ውስጥ አደይ የያዙ ሰዎች ሞልተዋል። ነገ ዓመት ይለወጣል። እናቴ «የልደትሽን ቀን ተይውና ዕድሜሽን ንገሪኝ፣ መቼ ነው የምታገቢው?» አለችኝ። ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ስልኬ ላይ መልእክት ነበር። ከፊራኦል። «መልካም ልደት፣ ኢንጂነር።»

ልደቴ ዛሬ አይደለም። የአራት መቶ ምናምን ሰው ልደት ነው።

ረጅም መልስ ጻፍኩ። ስለ ርክክቡ፣ ስለ ገላኔ፣ ስለ ሽፈራው፣ ስለ አርማው። አጠፋሁት። «መስመሯ የኔ ነበረች» ብቻ ብዬ ላክሁ።

ወዲያው መለሰ። «አውቃለሁ። አንቺ ያወቅሽው መቼ ነው?»

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ። በራሴ እጅ ተጽፏል።

«ሐምሌ ገደማ» ብዬ ላክሁለት።